የአፍ ፈንገስ ሲይዝ፦ ከጓሮው ቅጠልና ከፋርማሲው ጠብታ የቱ ይሻላል?

ባለፈው ክረምት አንዲት አያት የአራት ወር የልጅ ልጃቸውን አዝለው ወደምሠራበት ፋርማሲ መጡ። «ልጄ፣ አፏ ነጥቶ ጡት እምቢ ብላለች። ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ብቀባላት ጭራሽ ባሰባት» አሉኝ። በስልኬ መብራት አየኋት። ጉንጯ ውስጥ ያለው ነጭ ነገር እንዳለ ነው፤ ዙሪያው ድዷና ከንፈሯ ግን በርበሬ የነካው ይመስል ቀልቷል። ሽንኩርቱ ፈንገሱን ትቶ ልጅቱን አቃጥሏታል።

እማማ ከመሬት ተነስተው አልነበረም ሽንኩርት የወቀጡት። ነጭ ሽንኩርት ካንዲዳ የተባለውን የአፍ ፈንገስ የሚገድል ንጥረ ነገር በእርግጥ አለው። የሳቱት ለማን፣ በምን መልክና በምን መጠን የሚለውን ነው። በእኛ በጎጃም ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ ወይም ጠጅ ሳር ከጓሮው የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። በጣና ዳር በዘጌ ብቻ ነዋሪው ለመድኃኒትነት የሚጠቀምባቸውን 67 ዕፅዋት የመዘገበ ጥናት በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ስለዚህ «ቅጠል ወይስ ኪኒን?» የሚለው ሙግት በየቤቱ አለ። እኔ ግን ሙግቱ መጀመር ያለበት «የማን አፍ ነው?» ከሚለው ይመስለኛል።

ፈንገስ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ካንዲዳ በጤነኛ ሰው አፍ ውስጥም ይኖራል። ከሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን ጋር ተቻችሎ ይቆይና የሰውነት መከላከያ ሲላላ ወይም አንቲባዮቲክ ጎረቤቶቹን ሲያጠፋለት ይባዛል። ያኔ ምላስ፣ ጉንጭና ላንቃ ላይ የረጋ ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ይወጣል፤ ያቃጥላል፣ ጣዕም ያጠፋል።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል መለያ አለ። ንጹሕ ጨርቅ ጣታችሁ ላይ ጠምጥማችሁ ነጩን በቀስታ ጥረጉት። የወተት ቅሪት ከሆነ በቀላሉ ይነሳል፣ ከሥሩ ያለውም ጤነኛ ምላስ ነው። ካንዲዳ ሙጭጭ ይላል፤ ሲነሳም ሥሩ ቀልቶ፣ አንዳንዴም ደም አዝሎ ይታያል። የሕፃን ምላስ ብቻ ነጥቶ ጉንጩ ንጹሕ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ወተት ነው። ጨርሶ የማይነሳ ነጭ ምልክት ደግሞ፣ በተለይ ሲጋራ በሚያጨስ ወይም ሱረት በሚይዝ ሰው አፍ ከታየ፣ ሐኪም በዓይኑ ሊያየው ይገባል። እዚያ ላይ ቅጠልም ጠብታም መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

ሌላው የሚምታታው ምች ነው። «ምች መታኝ» ብሎ ከንፈሩ ዳር ውኃ የቋጠረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የያዘው የሄርፒስ ቫይረስ ነው። ዳማ ከሴ የሚታሸውም ለእሱ ነው። ሰው ግን «ከአፍ ወጣ» ያለውን ሁሉ አንድ አድርጎ ለምች የሚሆነውን ለፈንገስ፣ ለፈንገስ የሚሆነውን ለምች ያውለዋል።

በምን እንመዝናቸው?

እኔ የምጠቀምባቸው መስፈርቶች አራት ናቸው። አንደኛ፣ ነገሩ የተሞከረው በሰው አፍ ነው ወይስ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ብቻ? ይህ ትልቁ ነው። ሳህን ላይ ካንዲዳን የማይገድል ቅመም ማግኘት ይከብዳል፤ ቅርንፉዱም፣ ቀረፋውም፣ ጦስኙም ይገድላል። ሳህን ግን ምራቅ የለውም። አፍ ውስጥ የገባ ነገር በደቂቃዎች ውስጥ በምራቅ ታጥቦ ይወርዳል፤ ካንዲዳም ተደራርቦ የሚለጠፍ ድር ሠርቶ ይደበቃል። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ የምናዘጋጀው ነገር ከተሞከረው ጋር አንድ ነው? በአልኮል የተነጠረ፣ በእንፋሎት የወጣ ዘይትና በጀበና የፈላ ቅጠል ሦስት የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ተክሉ አንድ ቢሆንም። ሦስተኛ፣ የአፍን ስስ ቆዳ ያቃጥላል ወይ፣ ቢዋጥስ ምን ያደርጋል? አራተኛ፣ ዋጋውና መገኘቱ።

ነጭ ሽንኩርት

ከዕፅዋቱ ሁሉ ብዙ የምለው ስለዚህ ነው፤ ሰው ቶሎ የሚያነሳውም እሱን ነውና። ያልተነካ የሽንኩርት ፍሬ ውስጥ ገዳዩ ነገር የለም። ፍሬው ሲወቀጥ ወይም ሲከተፍ ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች ይገናኙና አሊሲን ይወለዳል፤ ያ የሚያስነጥሰው ሽታ ከእሱ የሚመጣ ነው። አሊሲን ተለይቶ የታወቀው በ1944 እ.ኤ.አ. ነው። ሳይወቀጥ በሙቀት ከበሰለ አሊሲኑን የሚሠራው ኢንዛይም ይሞታል። ስለዚህ ወጥ ውስጥ የገባው ነጭ ሽንኩርት ለአፍ ፈንገስ አይሠራም፤ ለወጡ ግን ይሠራል።

በሰው አፍ ተሞክሯል? አዎ፣ በጥቂቱ። በ2012 እ.ኤ.አ. በኢራን የታተመ ጥናት ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርጉ ላንቃቸው የቀላ 40 ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ግማሹን በነጭ ሽንኩርት መጉመጥመጫ፣ ግማሹን ኒስታቲን በተባለው የፋርማሲ ፀረ ፈንገስ ፈሳሽ አከመ። ሁለቱም ቅላቱን ቀንሰዋል። ኒስታቲን ፈጠን ያለ ሲሆን ታካሚዎቹ ግን በሽንኩርቱ የበለጠ ረክተዋል። ልብ በሉ፦ የተጠቀሙበት ተለክቶ የተዘጋጀ መጉመጥመጫ ነው፤ ሙቀጫ ላይ ተወቅጦ ድድ ላይ የተለጠፈ አይደለም። የተወቀጠ ጥሬ ሽንኩርት አንድ ቦታ ላይ ሲቆይ ቆዳን ያቃጥላል፤ የትልቅ ሰው ክንድ ላይ እንኳ ውኃ ይቋጥራል።

ጤነኛ አዋቂ መሞከር ከፈለገ አንድ ፍሬ ወቅጦ አሥር ደቂቃ ያቆየው፤ ከዚያ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ አጥልሎ ይጉመጥመጥና ይትፋው። ካቃጠለው ይተው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በብዛት መዋጡን ይርሳው።

ሎሚና ጠጅ ሳር

ይህን ስናገር ሰው የማያምነኝ አለ። ለበዓል ቤት የሚጎዘጎዘው፣ ሻይ ውስጥ የሚገባው ጠጅ ሳር በዚህ ዝርዝር ካሉት የአገር ዕፅዋት ሁሉ ሻል ያለ የሰው ማስረጃ ካላቸው አንዱ ነው። በደቡብ አፍሪካ 90 የኤች አይ ቪ ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው ከፊሉ በሎሚ ጭማቂ፣ ከፊሉ በጠጅ ሳር፣ ከፊሉ በጂቪ (ጄንሺያን ቫዮሌት በተባለው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የሚቀባ መድኃኒት) ታክመው ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ሁለቱም ዕፅዋት ከጂቪው ጋር የሚወዳደሩ ሆነው ተገኝተዋል። ጠጅ ሳሩ ውስጥ የሚሠራው ሲትራል የተባለው የሎሚ ሽታ ያለው ዘይት ነው።

ታዲያ ለምን አልመክርም? አልመክርም አላልኩም። ግን አንድ ጥናት ነው፣ የተወዳደሩትም ከጂቪ ጋር እንጂ ፍሉኮናዞል ከተባለው ጠንካራ የሚዋጥ ፀረ ፈንገስ ጋር አይደለም። የሎሚ ጭማቂም የተላጠ አፍ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል፤ ቀን በቀን ከሆነ የጥርስን ሽፋን ይበላል። የጠጅ ሳር ሻይ የሚለሰልስ ነው፤ አቀዝቅዞ ያለ ስኳር መጉመጥመጥ አዋቂን አይጎዳም። ስኳር ከገባበት ፈንገሱን መቀለብ ነው።

ጦስኝ

ጦስኝ የደጋችን ነው፤ ከሌላው ዓለም ጦስኝ የሚለዩ ሁለት ዝርያዎች የሚገኙት በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ዘይቱ ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ጠንካራ ፀረ ፈንገስ ነገሮች አሉት፤ ታይሞል በፋብሪካ መጉመጥመጫዎች ውስጥም ይገባል። በኢራን የእነዚሁ ንጥረ ነገሮች ባለቤት የሆነ የዘመድ ተክል ዘይት በጄል መልክ ተዘጋጅቶ ማይኮናዞል ከተባለው የፋርማሲ ፀረ ፈንገስ ጄል ጋር ተወዳድሮ ነበር። ቅላቱን በመቀነስ አላነሰም፤ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ላይ የተለጠፈውን ፈንገስ በማጥፋት ግን ማይኮናዞል በልጦታል።

ችግሩ የጦስኝ ሻይ የጦስኝ ዘይት አለመሆኑ ነው። ታይሞል ውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ ከገበያ አንድ እፍኝ ገዝታችሁ ስታፈሉት ወደ ስኒው የሚገባው ጥቂት ነው። ዘይቱን አገኛለሁ የሚል ሰው ደግሞ ሳያቀጥን እንዳይነካው፤ ጠብታው አፍ ያቃጥላል። ለእኔ ጦስኝ ጥሩ ሻይ ነው፤ መድኃኒትነቱ ግን ገና ከገበያው መደብ አልወረደም።

ቅርንፉድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ማር

የቅርንፉድ ዩጂኖል የጥርስ ሕመም እንደሚያደነዝዝ ሁሉም ያውቃል፤ ሳህን ላይም ካንዲዳን ይገድላል። ያልቀጠነ ዘይቱ ግን የአፍ ቆዳ ይልጣል፣ ሕፃን ከዋጠው ጉበት ይጎዳል። ጥቁር አዝሙድን ብዙ ሰው «ለሁሉም ነገር» ይለዋል፤ ለአፍ ፈንገስ ያለው የሰው ማስረጃ ግን ቀጭን ነው፣ የሚሸጠው ዘይትም በሌላ ዘይት ሊበረዝ ይችላል።

ማር ላይ ግን ቆም እንበል፤ የጎጃም ማር ነዋ። የሕፃንን አፍ በማር ማበስ በብዙ ቤት የፍቅር ሥራ ነው። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም፤ ጠብታም ቢሆን። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የቦቱሊዝም ተሕዋስ ሕፃኑ አንጀት ውስጥ በቅሎ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመርታል። ንጹሕ ማር መሆኑ ከዚህ አያድንም።

የማይሞከሩት

እንዶድ ልብስ ያነጣል፤ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ለቢልሃርዚያ መከላከያ ያዋሉት ተክል ነው። ያው ቀንድ አውጣ የሚገድለው ሳፖኒን ሰው ሲውጠው ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ሲበዛም ይገድላል። አፍ ውስጥ አይገባም። ብሳናም እንዲሁ፤ ወተቱ ለቆዳ ጭርት ይውላል፣ አፍ ግን ቆዳ አይደለም። ጤና አዳም በቡና አንዲት ቅርንጫፍ ጣል ማድረግ ሌላ፣ ለመድኃኒት ጨምቆ መጠጣት ሌላ ነው፤ ነፍሰ ጡርን ማሕፀን ያኮማትራል፣ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል።

የፋርማሲው ወገን

ማወዳደሪያ እንዲሆን አራቱን ባጭሩ። *ኒስታቲን* የሚጉመጠመጥ ፈሳሽ ነው፤ ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም አይገባም፣ ስለዚህ ለሕፃንም ለነፍሰ ጡርም የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ለሕፃን በቀን አራት ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር፣ ለአዋቂ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሊትር፣ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን። ሰዎች የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ነው፦ ጠርሙሱን ሳይንጡ መቅዳትና ወዲያው መዋጥ። አዋቂ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ አፉ ውስጥ ያንከባልለው፤ ነጩ ከጠፋ በኋላም ሁለት ቀን ይቀጥል።

*ማይኮናዞል ጄል* ደህና ይሠራል፣ ግን ዝልግልግ ስለሆነ ከአራት ወር በታች ያለ ሕፃን ሊያንቅ ይችላል፤ ደም ከሚያቀጥነው ዋርፋሪን ጋርም አደገኛ ነው። *ፍሉኮናዞል* የሚዋጥ፣ በቀን አንዴ፣ ጠንካራ፤ ለከባድ በሽታ ነው። ከዋርፋሪንና ከአንዳንድ የስኳር ኪኒኖች ጋር ይጋጫል፣ በእርግዝና ያለ ሐኪም አይወሰድም። *ጂቪ* ርካሽ ነው፤ አፍን ወይን ጠጅ ያደርጋል፣ ሲደጋገምና ሲጠነክር ቆዳ ያቆስላል፤ የካናዳ ጤና ቢሮ በ2019 እ.ኤ.አ. ካንሰር የማምጣት ዕድል ሊኖረው ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል። ሌላ ባለበት እኔ ጂቪ አልሰጥም።

| አማራጭ | የሰው አፍ ማስረጃ | ማቃጠልና አደጋ | ዋጋ | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| ነጭ ሽንኩርት መጉመጥመጫ | ጥቂት | ጥሬው በጣም ያቃጥላል | ከጓዳ | ጤነኛ አዋቂ፣ ቀላል ሕመም |
| ጠጅ ሳር | አንድ ደህና ጥናት | ዝቅተኛ | ከጓሮ | ጤነኛ አዋቂ፣ እንደ ረዳት |
| ሎሚ | አንድ ደህና ጥናት | ያቃጥላል፣ ጥርስ ይበላል | ዝቅተኛ | ለአጭር ጊዜ ብቻ |
| ጦስኝ | ለዘመዱ ጄል እንጂ ለሻዩ የለም | ሻዩ ቀላል፣ ዘይቱ ከባድ | ዝቅተኛ | እንደ ሻይ |
| ቅርንፉድ፣ ጥቁር አዝሙድ | ደካማ | የቅርንፉድ ዘይት አደገኛ | መካከለኛ | አልመክርም |
| እንዶድ፣ ብሳና | የለም | መርዛማ | — | ለማንም አይሆንም |
| ኒስታቲን | ጠንካራ | በጣም ዝቅተኛ | መካከለኛ | ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አዋቂ |
| ፍሉኮናዞል | ጠንካራ | ከመድኃኒት ጋር ይጋጫል | መካከለኛ | ከባድ ሕመም፣ በሐኪም |
| ጂቪ | አለ | ያቆስላል፣ ያቀልማል | ዝቅተኛ | ሌላ ሲጠፋ |

እንግዲህ ማን ምን ይምረጥ?

*ለሕፃን*፦ ከዕፅዋቱ አንዱም አይሆንም። ኒስታቲን፤ ከጡት በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በጠብታ መስጫ ጉንጩ ውስጥ። እናትየዋ ጡቷ ቆስሎ ወይም እየወጋት ከሆነ እሷም ትታከም፤ አለበለዚያ ፈንገሱን ይቀባበሉታል። ጡጦ ካለ በየጊዜው ይቀቀል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሕፃን ጡት እምቢ ሲል «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ወደ እንጥል ቆራጭ የሚወስድ ዛሬም አለ። መጀመሪያ አፉን ከፍታችሁ እዩ። ነጭ ካለ ጥፋቱ የእንጥል አይደለም፤ ምላጩ ደግሞ ደም መፍሰስንና ሌላ ኢንፌክሽንን ይጨምራል።

*ሰው ሠራሽ ጥርስ ላላቸው*፦ እኔ ጋ የሚመላለሱ አንድ አያ አሉ፤ ሦስት ጊዜ ጠብታ ገዝተው ሦስት ጊዜ ተመልሶባቸዋል። «ማታ ያወልቁታል?» ስላቸው «ሌባ ይወስደዋል ብዬ?» ብለው ሳቁብኝ፤ ለካ አድረውበት ነበር። ጥርሱ ሌሊት ወልቆ በብሩሽ ታጥቦ ካልተቀመጠ ሽንኩርትም ኒስታቲንም ከንቱ ነው፤ ፈንገሱ የሚያድረው ፕላስቲኩ ላይ ነውና። ለእሳቸው ከጥርስ ማጠቡ ጋር የነጭ ሽንኩርት ወይም የጠጅ ሳር መጉመጥመጫ ቢጨምሩ አልቃወምም።

*የአስም ፓፍ የሚጠቀሙ*፦ ስቴሮይድ ያለበትን ከሳቡ በኋላ ሁልጊዜ በውኃ ተጉመጥምጠው ይትፉ። ይህ ብቻ ብዙውን ጊዜ ነገሩ እንዳይመለስ ያደርጋል፣ ወጪውም አንድ ጉንጭ ውኃ ነው።

*አንቲባዮቲክ ጨርሶ አፉ ትንሽ የነጣበት ጤነኛ አዋቂ*፦ ዕፅዋትን ለመሞከር ከሁሉ ምቹ ሰው ይህ ነው። ጠጅ ሳር ወይም የተጣራ ነጭ ሽንኩርት፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ስኳር ቀንሶ። በሳምንት ካልለቀቀ ወደ ኒስታቲን ይለፍ። ገንዘብ ያጠረው ደግሞ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የመጋገሪያ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ አድርጎ መጉመጥመጥ ይችላል፤ ፈንገሱን ባይጨርሰውም አፉን ያለሰልስለታል።

*ምክንያቱ ያልታወቀ አዋቂ*፦ አንቲባዮቲክ ሳይወስድ፣ ፓፍ ሳይስብ አፉ የነጣ ሰው ስኳሩንና ኤች አይ ቪውን ይመርመር። የአፍ ካንዲዳ ሲደጋገም ብዙ ጊዜ መልእክተኛ ነው፤ መልእክተኛውን በሎሚ ማባረር የላከውን አያጠፋም። ምግብ ሲውጥ ደረቱ ሥር የሚያመው ከሆነ ፈንገሱ ጉሮሮ አልፎ ወርዷል፤ ያንን መጉመጥመጫ አይደርስበትም፣ ፍሉኮናዞልና ሐኪም ያስፈልጉታል። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ደግሞ ቅጠል ለመጠቀም ካሰበ ለሚከታተለው ክሊኒክ ሳይነግር አይጀምር።

ጾመኞችን የሚመለከት አንድ ነገር ቀርቷል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚውል ሰው የጠዋቱንና የቀትሩን ኒስታቲን እየዘለለ «አልሠራልኝም» ሲል በየዓመቱ አያለሁ። በቀን አራቴ የሚወሰድ መድኃኒት ሁለቴ ሲሆን አይሠራም። ሐኪሙ ሲያዝላችሁ ጾም እንደምትውሉ ንገሩት፤ ምናልባት በቀን አንዴ ማታ የሚዋጠውን ፍሉኮናዞል ይመርጥላችሁ ይሆናል። ኒስታቲኑ የግድ ከሆነም የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ ለታመመ ሰው መድኃኒት የሚከለክል አባት እስካሁን አላጋጠመኝም።